የዘበኛው ድምፅ የማን ነው?

ጋሼ የራሱን ድምፅ ከሌላ ሰው አፍ የሰማው ታክሲ ውስጥ ነው። መስከረም 2012 ላይ። ከፒያሳ ወደ ስታዲየም በሚወርድ ሚኒባስ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጧል፣ ሬዲዮው ተከፍቷል። መጀመሪያ ጉሮሮ ሁለት ጊዜ ሲጠረግ ተሰማ። ቀጥሎ «እኔ ምን አገባኝ!» የሚል የሽማግሌ ድምፅ መጣ፤ ኮሜዲያኑ ጋሼ ራሱ ዘጠኝ ዓመት በሬዲዮ ፕሮግራም የተጫወተው የዘበኛው ድምፅ። ተሳፋሪው ሳቀ፣ ረዳቱም በሩ ላይ ቆሞ ሳቀ። ጋሼ ከዚያ ፕሮግራም ከለቀቀ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ቴዎድሮስ አደባባይ ሲደርሱ «ወራጅ አለ» ብሎ ወረደና ቸርችል ጎዳናን በእግሩ ይዞ እስከ ፖስታ ቤት ሄደ። ከዚያ ነው የደወለልኝ።

«አንተ ልጅ» አለኝ፣ «እኔ ሞቻለሁ እንዴ?»

እኔ ለዚያ ፕሮግራም ስድስት ዓመት ጭውውት ጽፌያለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ዳር ቆሞ እንደተመለከተ ሰው አይደለም። ጋሼ ስሙ እንዳይጠራ ጠይቆኛል። የፕሮግራሙንም የጣቢያውንም ስም አልጠራም፤ ነገሩ በሽምግልና አልቋል፣ ከእርቅ በኋላ ስም እያነሱ መውቀስ ደግሞ ነውር ነው። ጉዳዩን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። ዛሬም ወደ ኤፍኤም የሚገቡ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ያችኑ አንድ ገጽ የውል ወረቀት ሳያነቡ ሲፈርሙ አያለሁ፣ እና ያሳስበኛል።

ሁለተኛው ሰው

ጋሼ የእሪ በከንቱ ልጅ ነው። በደርግ ጊዜ ቀበሌ ሁሉ የኪነት ቡድን ነበረው፤ እሱ የገባው በ13 ዓመቱ ነው። ሌሎቹ ልጆች ወታደርና ጀግና መሆን ስለሚፈልጉ ሽማግሌው ሁልጊዜ ለእሱ ይተርፈዋል። ጥጥ በሙጫ አገጩ ላይ ይለጥፉለታል። እንዲህ እያለ ሃያ ዓመት ሳይሞላው የሽማግሌ አካሄድ፣ የሽማግሌ ሳል፣ የሽማግሌ ኩርፊያ አጥንቶ ጨረሰ።

ከ1983 በኋላ ዘመኑ የኮሜዲ ሆነ። ያኔ የነበረ ሰው ያስታውሰዋል፤ ቴሌቪዥን ያለው ቤት እሁድ እሁድ በጎረቤት ይሞላል። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ደረጀና ሀብቴ፣ እንግዳዘር ነጋ፣ ተስፋዬ ካሳ። ጭውውት በካሴት ይሸጥ ነበር፣ ሙዚቃ ቤቶችም ደጃፋቸው ላይ እንደ ዘፈን ይከፍቱታል። በዚህ ሁሉ መሃል ጋሼ ትልቅ ስም አልነበረውም። ሁለተኛ ሰው ነበር። ባለቤቱ ሲቆጣ የሚደነግጠው፣ ሙሽራው ሲወድቅ የሚያነሳው። ግን ሁለተኛ ሰው መሆን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ሳቁን አመቻችተህ ለሌላው ማቀበል አለብህ። ኋላ ሬዲዮ ላይ እንግዳ ሲያስቀምጥ ከምንም በላይ የጠቀመው ይህ ይመስለኛል።

የሚያደንቀው አለቤን ነው። አለባቸው ተካ ከጭውውት ተነስቶ በራሱ ስም በሚጠራ ሾው ሰው አስቀምጦ እስከማነጋገር ሄደ፣ በ1997 በመኪና አደጋ እስከሞተ ድረስ። ጋሼ ስለ አለቤ ሲያወራ ቀልዱን አያነሳም፣ ማዳመጡን ነው የሚያነሳው። «ኮሜዲያን ዝም ብሎ ሰው መስማት እንደሚችል ያየሁት ከእሱ ነው» ይላል። ይህን ሐሳብ ለዓመታት ሆዱ ውስጥ ይዞት ኖሯል።

ዘበኛውን የፈጠረው በ1994 ነው። ሰፈራቸው አንድ ግቢ የሚጠብቁ አዛውንት ነበሩ፣ በማንም ጉዳይ አልገባም እያሉ የሁሉንም ጉዳይ የሚያውቁ። ጋሼ አካሄዳቸውን አልወሰደም፣ እኔ ምን አገባኝ ማለታቸውን ብቻ ወሰደ። የቀረውን ራሱ ሠራው፤ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ካፖርት፣ ኮንጎ ጫማ፣ ዱላ። መድረክ ላይ ዋናው ጨዋታ የኪሱ ጨዋታ ነበር። የቤቱ ጌታ ማታ መጥቶ በር ያንኳኳል፣ ዘበኛው ቁልፉን ከካፖርቱ ኪስ መፈለግ ይጀምራል። ቆሎ ይወጣል። ግማሽ ዳቦ ይወጣል። የማይበራ ባትሪ ይወጣል። ከሀገር ቤት የመጣ ደብዳቤ ይወጣል፣ እሱንም በሩ ላይ ቆሞ ማንበብ ይጀምራል። አራት ደቂቃ ሙሉ አንዲት ቃል ሳይወጣው አዳራሹን በሳቅ ሲያንጫጫ በዓይኔ አይቻለሁ።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው ሬዲዮ ውስጥ ያስገቡት።

መስታወቱ

እዚህ ላይ ኤፍኤም እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ልናገር፣ አለዚያ በኋላ የመጣው ጸብ አይገባም። 97.1 በ1992 ሲጀምር አዲስ አበባ ሬዲዮን እንደገና መስማት ጀመረች። በ2000 ደግሞ የመዓዛ ብሩ ሸገር 102.1 መጣ። ታክሲው፣ ጸጉር ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው ሁሉ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ከፍቶ መዋል ለመደ። ብዙዎቹን የመዝናኛ ፕሮግራሞች ግን ጣቢያው ራሱ አያዘጋጃቸውም። ተባባሪ አዘጋጅ የሚባል አለ። ይህ ሰው የአየር ሰዓት ይከራያል፣ ስፖንሰር ያፈላልጋል፣ አቅራቢ ይቀጥራል። ስፖንሰር ተገኘም አልተገኘም የአየር ሰዓቱን ኪራይ ይከፍላል። ስለዚህ አድማጭ «የእገሌ ሬዲዮ ጋዜጠኛ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የጣቢያው ሠራተኛ አይደለም። በመንግሥት ቴአትር ቤት ያለ ተዋናይ ቢያንስ የወር ደሞዝ አለው። ይህኛው የተከራይ ቅጥር ነው።

ጋሼን በ2002 የጠራው እንዲህ ያለ ተከራይ ነው። ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ። መድረክ ላይ አይቶት ወድዶት ነው የፈለገው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ቀጥታ፣ አንድ ቀን ድጋሚ። ክፍያው ደግሞ ጋሼ በአንድ ወር ከመድረክ ከሚያገኘው ሁለት እጥፍ ነበር። ወረቀቱን ሕንጻው በር ላይ አወጡለት፣ ጋሼ የቆመ መኪና ኮፈን ላይ አስደግፎ ፈረመ። አላነበበውም።

የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር። ስቱዲዮው ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል ጋሼ ከማይኩ ጋር፣ በመስታወት ማዶ ቴክኒሺያኑ። ጋሼ ዘበኛውን ጀመረ። ቀልዱን ጨርሶ ቀና ሲል ቴክኒሺያኑ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ድምፁ ግን አይሰማም። መስታወቱ ወፍራም ነው። ጋሼ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምን በቀረው የመድረክ ዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም፤ የሚስቅ ሰው እያየ ሳቁን አለመስማት። ደነገጠ። ሲደነግጥ ፈጠነ። የ12 ደቂቃውን ጭውውት በ7 ደቂቃ ጨረሰው፣ የቀረውን በዘፈን ሞሉት። ወጥቶ ምን አለ መሰላችሁ? «ሰው የሌለበት ድንኳን ገብቼ እርም ያወጣሁ መሰለኝ።»

ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። አድማጭም አልወደደውም። አቁም ሊሉት እንደነበር ኋላ ሰምቻለሁ።

ከዚያ ጋሼ ሁለት ነገር አደረገ፣ ሁለቱንም ማንም አልነገረውም። አንደኛው ካፖርቱን ስቱዲዮ ይዞ መምጣቱ ነው። ሬዲዮ ላይ ማን ያየዋል? ማንም። ግን የኪሱን ጨዋታ ወደ ድምፅ ቀየረው። የቁልፍ መንጫጫት፣ ቆሎው ጠረጴዛ ላይ ሲበተን፣ የማይበራውን ባትሪ በመዳፉ ጧ ጧ ሲያደርገው። አንዳንድ ቀን ስክሪፕት ይዤ ስገባ በዚያ ሙቀት ካፖርት ደርቦ ላብ በላብ ሆኖ አገኘዋለሁ። «ጋሼ፣ ካፖርቱን አውልቀው እንጂ» ስለው «እሱ ካልለበሰ እኔ አልናገርም» ይለኛል። ከልቡ ነው።

ሁለተኛው የበለጠ ይገርመኛል። ድጋሚው በሚተላለፍበት ቀን ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ታክሲ ይሳፈራል። ከፒያሳ ስታዲየም፣ ከስታዲየም ካዛንቺስ፣ ከካዛንቺስ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ፒያሳ። ሁለቱን ሰዓት እየተሳፈረ እየወረደ ይጨርሳል። ትንሽ ደብተር ይዞ ሰው የት ላይ እንደሚስቅ ምልክት ያደርጋል። ረዳቱ ድምፁን የት ላይ እንደሚቀንስም ይጽፋል፤ ማስታወቂያ ላይ ነው፣ ሁልጊዜ። ከዚህ ዙረት ያገኘው ነገር የፕሮግራሙን ዕድል ቀየረው። እኛ ሰው የሚስቀው ከቀልዱ ቃል በኋላ ይመስለን ነበር። ለካ የሚስቀው ከዚያ በፊት ነው። ዘበኛው ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ሲጠርግ፣ ገና አፉን ሳይከፍት፣ ሰው ምን ሊል እንደሆነ ስለሚያውቅ ይስቃል። ጋሼ ለዚያ ሳቅ ቦታ መተው ጀመረ። ሁለት ጉሮሮ፣ ከዚያ ሁለት ሰከንድ ዝምታ፣ ከዚያ «እኔ ምን አገባኝ!»።

ሬዲዮ ላይ ሁለት ሰከንድ ዝምታ ረጅም ነው። ቴክኒሺያኑ መስመር የተቋረጠ እየመሰለው እጁ ወደ ዘፈኑ ይሮጥ ነበር። ተከራዩም ተቆጣ፣ የአየር ሰዓት በገንዘብ እንደሚገዛ አስታወሰው። ጋሼ ግን ከዚያች ዝምታ ንቅንቅ አላለም። በሦስት ወር ውስጥ የሰፈር ልጆች ጉሮሯቸውን ሁለቴ እየጠረጉ ዝም ማለት ጀመሩ።

ስልክ መስመሩ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ደዋዮች ጋሼን አንተ ይሉታል። ዘበኛውን ግን አንቱ። በአንድ ጥሪ፣ አንድ አፍ ለአንድ አፍ። «እንደምን ዋልክ ወንድሜ፣ እባክህ ዘበኛውን አቅርብልኝ» ይላሉ፤ ጋሼ ጉሮሮውን ሲጠርግ «ጤና ይስጥልኝ አባቴ፣ እራት በልተዋል?» ይላሉ። አንዲት እናት በየሳምንቱ እየደወሉ ብርድ እንዳይመታው ይመክሩት ነበር። ጋሼ እሳቸውን አንድም ቀን አላላገጠባቸውም። ዘበኛው ሆኖ አመሰገናቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ጠየቃቸው፣ አዳመጣቸው። ከአለቤ ተማርኩ ያለው ይህንን መሰለኝ።

ቢራው

የፕሮግራሙ ዋና ስፖንሰር ቢራ ነበር። በዚያን ጊዜ የመዝናኛ ሬዲዮን በብዛት የሚያንቀሳቅሰው የቢራ ገንዘብ ነው። ስፖንሰሩ አንድ ቀን ዘበኛው ራሱ ቢራውን እንዲያስተዋውቅ ጠየቀ፤ ከኪሱ ጠርሙስ እንዲያወጣ፣ ሲከፍት ድምፁ እንዲሰማ። ለድምፅ እንኳን የሚመች ነበር፣ ስክሪፕቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋሼ አነበበና መለሰልኝ። «ዘበኛ ሥራ ላይ አይጠጣም።» በዚህ ምክንያት አንድ ሳምንት ተጨቃጨቅን። መጨረሻ ላይ ማስታወቂያውን ጋሼ በራሱ ድምፅ እንዲያነብ፣ ዘበኛው ከማስታወቂያው በኋላ እንዲመለስ ተስማሙ። ያን ቀን ግትርነት ነው ብዬ አዝኜበት ነበር። ዛሬ ትክክል እንደነበር አምናለሁ።

በ2011 የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ወጣ። የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እንዲወጣ አደረገ፣ ግንቦት ላይም ሥራ ላይ ዋለ። አዋጁን አልቃወምም። ሕጻናት በሚያዳምጡት ሰዓት እኛም በየአሥር ደቂቃው ስለ ቢራ ስናወራ ነበር። ግን አንድ ቅዳሜ የነበረ ገንዘብ በሚቀጥለው ቅዳሜ የለም። በቢራው ስም የሚጠራው የጥያቄና መልስ ክፍላችን በአንድ ቀን ተዘጋ። ዘበኛው ግን ምንም አልነካውም። ከቢራው ጋር ተነካክቶ አያውቅማ።

ተከራዩ ኪራዩን መክፈል አለበት። የጋሼን የሁለት ወር ክፍያ አሳደረ፣ ቀጥሎ በግማሽ እንዲሠራ ጠየቀው። ጋሼ የሦስት ልጆች አባት ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለቀቀ። አልተጣሉም፣ ተቃቅፈው ተለያዩ። እና ከሦስት ሳምንት በኋላ ያ ታክሲ።

ወረቀቱ

ጋሼ መጀመሪያ ወረቀቱን አጥቶት ነበር። ባለቤቱ ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር አገኘችው። ካዛንቺስ ወደሚገኝ የጠበቃ ቢሮ ይዘነው ሄድን። አንዲቷ መስመር እንዲህ ትላለች፤ በፕሮግራሙ የሚቀርቡ ሥራዎች በሙሉ የአዘጋጁ ንብረት ናቸው።

ጠበቃዋ ነገሩን አላጣፈጠችውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን አይጠብቅም አለችን። በማንም ጉዳይ አልገባም እያለ የሚገባ ዘበኛ ሐሳብ ነው፤ ነገ ማንም ሰው ሌላ እንዲህ ያለ ዘበኛ ሊፈጥር ይችላል። አዋጁ ለከዋኝ፣ ማለትም ሥራውን ለሚጫወተው ሰው፣ መብት ይሰጣል፣ ግን መብቱ በራሱ ክዋኔ ላይ ነው፤ ሌላ ሰው በራሱ ጉሮሮ ቢያስመስለው በዚያ መንገድ አትይዘውም። ከዚህም በላይ አንድ ሥራ በቅጥር ወይም በትእዛዝ ከተሠራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ባለቤቱ አሠሪው ነው።

ጋሼ አንገቱን ደፋ። እኔም በውስጤ አለቀልን ብያለሁ።

ከዚያ ጠየቀችው። «ዘበኛውን የፈጠርከው ለፕሮግራሙ ብለህ ነው ወይስ ይዘኸው ገባህ?»

ጉዳዩ ሁሉ እዚህች ጥያቄ ላይ ነው ያለው። ይዞት ከገባ፣ ያ የተጻፈው ጭውውት፣ ንግግሩ፣ የኪሱ ጨዋታ ቅደም ተከተል በ2002 ለተከራዩ የተሠራ ሥራ አይደለም። ቀድሞ የነበረ የራሱ ሥራ ነው። ያቺ አንዲት መስመር እሱንም ታጠቃልላለች ለማለት ይከብዳል። ግን መረጃ ያስፈልጋል። የ1994 ነገር ከየት ይመጣል?

ደብተሩን እናቱ ቤት ሻንጣ ውስጥ አገኘነው። ጣሪያው አፍስሶበት ግማሹ ገጽ ተጣብቋል፣ ቀለሙ ፈሷል። የሚነበበው ስድስት ገጽ ነው። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ባትሪ፣ ደብዳቤ፤ ሁሉም በቅደም ተከተል አለ። ቀን ግን የለውም።

ከዚያ ጋሼ አንድ ሠርግ ትዝ አለው። ጥር 1995፣ የጎረቤት ልጅ ሠርግ። ያኔ ኮሜዲያን ሠርግ ላይ ማጫወት የተለመደ ነው፣ ጋሼም ካፖርቱን ለብሶ ሙሽሮቹን በር ላይ አስቁሟቸው ነበር። የሠርጉ ቪዲዮ ካለ! ሙሽሮቹ ዛሬ ትልልቅ ልጆች አሏቸው፣ ካሴቱን አስቀምጠውታል። ችግሩ ካሴቱ የሚታይበት ዴክ ማግኘት ነበር። አሥር ቀን ፈለግን። በመጨረሻ አንድ የድሮ ፎቶ ቤት ባለቤት ከመጋዘኑ አወጣልን። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ሄዷል። ግን ቀኑ ጥግ ላይ ተጽፏል። ጸጉሩ ያልሸበተ ጋሼ ካፖርቱን ለብሶ ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገ፣ «እኔ ምን አገባኝ!» አለና ሙሽራውን የሰማንያ ወረቀት አምጣ አለው። ጋሼ አልሳቀም። ከምስሉ ላይ እጁን ዘርግቶ አንዲት ሴት አሳየኝ፣ «እናቴ ናት» አለ። ያኔ እግራቸው ደህና ነበር።

ጣይቱ ሆቴል

ፍርድ ቤት እንሂድ ያልኩት እኔ ነበርኩ። ጋሼ እምቢ አለ። «ዘጠኝ ዓመት አብሬው በልቻለሁ» አለ። ሽማግሌ ይግባ አለ። ሁለት አንጋፋ የቴአትር ሰዎችና ሁለቱንም ወገን የሚያውቁ አንድ ነጋዴ ተቀመጡ፣ ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል፣ ታኅሣሥ 2012። ጠበቃዋ መረጃውን በሁለት ገጽ አዘጋጅታ ሰጠችን፣ የሠርጉን ቪዲዮም በስልክ ይዘን ሄድን።

መጀመሪያው ስብሰባ ላይ ተከራዩ ተከፍቶ ነበር። ዘበኛውን ታዋቂ ያደረገው የእኔ ኪራይ ነው አለ። ይህ ውሸት አይደለም። ዘጠኝ ዓመት አየር ላይ ያቆየው እሱ ነው። የካቲት ላይ እንደገና ተገናኘን፣ ቪዲዮውን አየ፣ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ሦስተኛው ቀጠሮ መጋቢት ላይ ነበር። ኮሮና መጣ፣ ቴአትር ቤቱም ሲኒማውም ተዘጋ፣ ሽማግሌዎቹም ዕድሜያቸው የገፋ ስለሆነ ቤታቸው ተቀመጡ። ጋሼ በዚያ ዓመት ምንም አልሠራም። ካፖርቱን እንኳ ከምስማሩ አላወረደም።

ያለቀው ጥቅምት 2013 ነው። ፕሮግራሙ ስሙን፣ መግቢያ ሙዚቃውንና እስከዚያ የተላለፈውን ሁሉ ይዞ ቀረ። ዘበኛው ለጋሼ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሊጠቀምበት ከፈለገ በጽሑፍ እንዲጠይቀው። ያደረው የሁለት ወር ክፍያ በአራት ጊዜ ተከፈለው። ካሣ የሚባል አልነበረም፣ አልጠየቀምም። ይህን ስምምነት እኔ አልወደድኩትም፣ ዛሬም አልወደውም። ዘጠኝ ዓመት የሠራው ሰው ከድምፁ ውጪ ምንም ይዞ አልወጣም። ግን እሱ እንቅልፉን አግኝቷል።

በዚያ ቀን አንድ ያልጠበቅነው ሰው አብሮ መጥቶ ነበር። ዘበኛውን ሲያስመስል የነበረው ወጣት። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ገና እንደገባ ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ፣ ጋሼ ትከሻውን ይዞ አቆመው። ልጁ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ዘበኛውን ሲሰማ እንዳደገ፣ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ሲያስመስል እንደተገረፈ ነገረው። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ጋሼ ዝም ብሎ አዳመጠው። ከዚያ «እስቲ ጉሮሮህን ጥረግ» አለው። ልጁ ግራ ገባው። ጠረገ።

«ሁለተኛውን ትቸኩላለህ» አለው ጋሼ። «የመጀመሪያው ለራስህ ነው። ሁለተኛው ለእነሱ ነው። ጊዜ ስጣቸው።»

ያ ልጅ አሁን የራሱ ገጸ ባሕርይ አለው፣ አንዲት ጉሊት ቸርቻሪ። ጎበዝ ነው። ጭውውቱን በእጁ ጽፎ፣ ቀን አድርጎ፣ አእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት ወስዶ አስመዝግቧል። ምዝገባው ግዴታ አይደለም፣ መብቱ ሥራው እንደተሠራ ይጀምራል። ግን አንድ ቀን የሠርግ ካሴት ፍለጋ አሥር ቀን ከመዞር ያድናል።

የሹፌሩ ፍላሽ

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ከእርቁ በኋላ የድሮ ቅጂዎችን ለመስማት እንኳ ብንጠይቅ አልተገኙም። የስቱዲዮው ኮምፒውተር ሲሞላ እየተሰረዙ በላያቸው ላይ ሌላ ተቀድቷል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፣ ቦታ ስለሌለ ነው። ዘጠኝ ዓመት፣ በሳምንት አራት ሰዓት። እኔም የጻፍኩትን ስክሪፕት ከግማሽ በላይ አላስቀመጥኩም።

በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ጋሼ ዘበኛውን እንደገና ወደ መድረክ አወጣው። አዲሱ ጨዋታ እንዲህ ነው፤ ዘበኛው የሚጠብቀው ግቢ ፈርሷል፣ በሩም አጥሩም የለም። እሱ ግን ማታ 12 ሰዓት ሲሆን በሩ ወደነበረበት ቦታ መጥቶ ይቆማል። መንገደኛ ሲያልፍ «የት ነው?» ብሎ ያስቆመዋል፣ ቁልፍ ከኪሱ ይፈልጋል። ሰው ይስቃል። ከዚያ የአዳራሹ ሳቅ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይሄዳል። ሦስት ጊዜ አየሁት፣ ሦስቱንም ጊዜ አጠገቤ የተቀመጡ የፒያሳ ሰዎች እንባቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ።

ከነዚያ ምሽቶች በአንዱ አንድ ሰው ከአዳራሹ ውጪ ጠበቀን። የታክሲ ሹፌር ነው። ለጋሼ ፍላሽ ሰጠው። «ጋሼ፣ ያን ጊዜ የምወዳቸውን በስልኬ እቀዳቸው ነበር» አለ፣ «ጥራት የላቸውም»።

ማታውኑ እኔ ቤት ኮምፒውተር ላይ ሰካነው። 63 ፋይል። ስልኩን ከታክሲው ስፒከር አጠገብ አድርጎ ነው የቀዳቸው፤ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ጡሩንባ አለ፣ የሳንቲም ድምፅ አለ። አንዱን ከፈትኩ። ዘበኛው ጉሮሮውን ጠረገ። ደግሞ ጠረገ። ዝም አለ። በዚያች ዝምታ ውስጥ አንዲት ሴት ከኋላ ወንበር ፍርፍር ብላ ሳቀች፣ አንድ ወንድ ተከተላት፣ ሌሎችም ተጨመሩ፣ ረዳቱም እየሳቀ «ስታዲየም! ስታዲየም!» ይላል።

ጋሼ ወንበሩን ወደ ስፒከሩ ሳበ።

«ይቺን መልሳት» አለኝ።